ድንኳኑ አያፈስም ነበር

አጎቴ የሚኖሩት አላስካ ነው፤ ልጃቸው ደግሞ በሌላ ግዛት። በአላስካ ሕግ ከሌላ ግዛት የመጣ ሰው ቡናማ ድብ ለማደን ሲወጣ ወይ ፈቃድ ያለው መሪ ይቀጥራል፣ ወይ የዚያው ነዋሪ የሆነ የቅርብ ዘመዱ አብሮት ይወጣል። ልጁ አደን ሲያምረው ታዲያ መሪው አባትየው ናቸው። ይህን በስልክ ያጫወቱኝ ለአደን አገር ቤት ሊመጡ ባሰቡ ጊዜ ነው። «እዚህ ለልጄ ዋሱ እኔ ነኝ፤ እዚያ ለእኔ አንተ ነህ» አሉኝ። መሪውንና ማደሪያውን እንድመርጥላቸው ነበር የፈለጉት። ደስ አለኝ። ደስታዬ የውሸት አልነበረም፤ ኋላ ያደረግኩትን ሳስብ የሚያስቸግረኝም ይኸው ነው። አጎቴን እወዳቸዋለሁ፤ ያታለልኳቸውም እየወደድኳቸው ነው።

ሊያድኑ የፈለጉት ደጋ አጋዘን ነው። በ10 ሳንቲማችን ላይ እያየነው አድገናል፤ በአካል ያየነው ግን ጥቂት ነን። ከስምጥ ሸለቆ በስተምሥራቅ ካሉት የኢትዮጵያ ደጋዎች በቀር በዓለም ላይ የትም የለም። የሳይንስ ስም ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1910፣ በክስተን የሚባል እንግሊዛዊ መኮንን ከገደለው በኋላ ነው። ቀንድ ያለው ወንዱ ብቻ ሲሆን የሚታደነውም ያደገ አውራ ነው። የመጥፋት አደጋ ካንዣበበባቸው እንስሳት ይመደባል፤ ቢሆንም በተከለሉ ቀጠናዎች በኮታ ይታደናል፣ ለአንድ አውራ የፈቃዱ ክፍያ ብቻ 15 ሺህ ዶላር ነበር። መታደኑ ተገቢ ነው አይደለም የሚለው ክርክር አይመለከተኝም ልል አልችልም። ያኔ ግን ጨርሶ አልመጣልኝም።

አጎቴ ጥያቄዎች ጽፈው በቴሌግራም ላኩልኝ፤ በአላስካ መሪ የሚመርጥ ሰው የሚጠይቀው ነው ብለው። በመሪው እጅ ስንት እንስሳ ቆስሎ ጠፍቷል? ከመኝታው ተነስቶ ጎህ ሳይቀድ ማያው ቦታ ለመድረስ ምን ያህል ይፈጃል? ዱካ የሚከተለው ማን ነው፣ የአካባቢው ሰው ነው ወይ? የመጨረሻው፦ እንግዳውን ላገናኘ ሰው የሚከፈለው አለ?

አዳማ የስብሰባ ከተማ ነች። አበልተኛው ከአዲስ አበባ በፍጥነት መንገዱ ይመጣል፣ ያድራል፣ ይመለሳል። እኔ መኪና አከራያለሁ፣ ክፍል እይዛለሁ፤ ክፍል ለያዘ ሰው ሆቴሉ የሚቆርጥለት አለ። ማንም አያፍርበትም፣ እኔም አላፍርበትም ነበር። አጎቴን እንደ አንድ አበልተኛ ማየት የጀመርኩት መቼ እንደሆነ ግን ለራሴም ግልጽ አይደለም።

ከላንጋኖ በላይ፣ ወደ ሙኔሳ ደን በሚወጣው ዳገት ያለውን ቀጠና የያዘው አንድ ድርጅት ነው። ስለዚህ ምርጫዬ ከሁለቱ መሪዎች የትኛው ይሁን፣ እንግዳውስ የት ይደር የሚለው ላይ ነበር። አንደኛው መሪ ሽማግሌ ናቸው፤ በስልክ ብዙ አላወሩም። ደጋ አጋዘን በቀጠሮ አይመጣም አሉኝ። ሦስት ሳምንት ይያዙ፤ ባዶ እጅ መመለስም አለ። ማደሪያው ደኑ ጫፍ ላይ ያለው ድንኳን ነው፣ ሌላ ቦታ ከሚያድር ሰው ጋር አልወጣም። ዱካ ተከታዮቹ የዚያው ቀበሌ ልጆች ናቸው፣ ስማቸውን ጠይቀህ ለአጎትህ ንገር። እኔ ስለ ድርሻዬ ሳነሳ ዝም አሉና «አጎትህ አይደሉም እንዴ?» አሉኝ።

ሁለተኛው ወጣት፣ ተጫዋች ነው። በሳምንት ውስጥ እናገኘዋለን አለ። እንግዶቹን የሚያሳድረው ላንጋኖ ዳር ካለ ሆቴል ነው፤ ሆቴሉም ለአገናኝ ይከፍላል። ስለ እሱ ክፉ ለመናገር አይደለም። ቃል አብዝቷል እንጂ የደበቀኝ ነገር አልነበረም። የደበቅኩት እኔ ነኝ።

ለገንዘብ ብዬ ነው ብል እውነት ነው፤ ሙሉው ግን አይደለም። ገንዘቡ ያን ያህል አልነበረም፤ ለመኪናዬ ጎማ በቃ። የበለጠ ያንገበገበኝ የሽማግሌው ጥያቄ ነው። እሳቸውን ብመርጥ፣ ሳያዩኝ ያወቁኝን ሰው «ልክ ነዎት» ማለት ይሆንብኛል። ወጣቱ ዘንድ ግን እኔ ሥራ አዋቂ ነኝ። ይህን ለራሴ እንዲህ አድርጌ አልነገርኩትም እርግጥ። ለራሴ የነገርኩት አዛውንት ናቸው፣ ሙቅ ውሃ ያስፈልጋቸዋል የሚል ነው። ለአጎቴ ደወልኩና «ጋሼ፣ ድንኳኑ ያፈሳል፤ ብርዱም ለጉልበትዎ አይሆንም» አልኳቸው። ድንኳኑን በዓይኔ አላየሁትም። ብርድ የሰበክሁላቸውም አላስካ ለሚኖሩ ሰው ነው። አመኑኝ። ከላኩልኝ ጥያቄዎች አንዱንም አልጠየቅኩም፤ ለመጨረሻው መልሱ እኔው ዘንድ ነበር።

ደጋ አጋዘን ከጥሻው የሚወጣው ጎህ ሲቀድና ሊመሽ ሲል ነው። ፀሐይ ስትከር ዝግባውና አስታው ውስጥ ይሰወራል። አዳኙ ገና ሳይነጋ ኮረብታ ላይ ተቀምጦ ማዶውን በመነጽር ይቃኛል። እኛ በዚያ ሰዓት መንገድ ላይ ነን፤ መኪናውን የምነዳው እኔ ነበርኩ። ከሐይቁ ዳር በሌሊት ብንነሳም ያንን ኮረኮንች ወጥተን ስንደርስ ፀሐይ ቀድማናለች። ወደ ማታ ደግሞ መንገዱ በጨለማ እንዳያስቸግር ቶሎ እንውረድ ይባላል። የቀኑን ሁለት ጫፎች አስቀርቼ መሃሉን ነበር የገዛሁላቸው፤ በመሃሉ የሚታየው የገበሬ ከብት ነው።

አንድ ቀን እኩለ ቀን ላይ ዝናብ ጣለብንና ደኑ ጫፍ ወዳለው ካምፕ ሮጥን። አጎቴ አንዱ ድንኳን ውስጥ ገብተው አልጋው ላይ ተቀመጡ። ዝናቡ ሸራውን ይቀጠቅጠዋል፤ ውስጡ ደረቅ ነው። ብርድ ልብሱም ደረቅ ነው። ወጥ ቤቱ ሰውዬ ቡና ሰጣቸው። ቀና ብለው ጣሪያውን አዩ፣ በእጃቸው ሸራውን ዳበስ አደረጉትና «ጠግነውታል ማለት ነው» አሉ። ከዚያ ወደ መሪው ዞረው፣ «ይህ ልጅ ለጉልበቴ አስቦ ነው ታች ያሳደረኝ» አሉት።

ጥፋቴን ያወቅኩት ያኔ ነው። ውሸቴ ፊታቸው ተቀምጦ ሳለ እሳቸው ሰበብ ፈለጉለት፤ እኔ እንኳ ያላሰብኩለትን ሰበብ። ቀናት ይቀሩን ነበር። «ጋሼ፣ ዛሬውኑ እዚህ እንደር» ብል የሚበላሽ ነገር አልነበረም፤ ምናልባት የሆቴሉን ድርሻ መመለስ ይኖርብኝ ይሆናል። አፌን ከፈትኩ ልበል? አልከፈትኩም። ቡናው ጥሩ ነው አልኩ። የፊተኛውን ውሸት ሳላስብ አደረግኩት ብዬ ልከራከር እችል ይሆናል። ይህኛውን ግን እያወቅኩት፣ ፊታቸውን እያየሁ ነው።

በመጨረሻ፣ ለዓይን ያዝ ሲያደርግ፣ አንድ አውራ ከአስታው ውስጥ ወጣ። ርቀት ነበረው። ከዚያ ርቀት እንደማይተኩሱ አጎቴ ራሳቸው ከቀናት በፊት ነግረውኛል። ጊዜው አልቆባቸው ነበርና ተኮሱ። ተመታ፤ አልወደቀም። አብሮን የወጣው የዱር እንስሳት ጠባቂና ዱካ ተከታዮቹ ደሙን እስከ ጅረቱ ድረስ አገኙት፤ ከዚያ ጨለመ። ካምፕ የሚያድር ሰው እዚያው ጠብቆ ሳይነጋ ይቀጥላል። እኛ ወደ ሙቅ ውሃችን ወረድን። ሌሊቱን ደጋው ላይ ዘንቦ አደረ። በማግስቱ እስኪመሽ ቢፈለግም የደም ምልክት አልተገኘም።

በአደኑ ሥርዓት ቆስሎ የጠፋ እንደ ተገደለ ይቆጠራል። አጎቴ ሙሉውን ከፈሉ፤ ስለ ክፍያው አንድም ቃል አልተነፈሱ። «አቁስዬ ትቼ ስሄድ ይህ የመጀመሪያዬ ነው» ብቻ አሉኝ፣ ቡልቡላን ስናልፍ። ጥፋቱን በራሳቸው ላይ ነበር የጫኑት። ጥይቱ የእሳቸው ነው፤ ያ እውነት ነው። ከዚያ ርቀት እንዲተኩሱ ያደረጋቸውን ጥድፊያ ግን ከአዳማ የላክሁላቸው እኔ ነኝ። የመኪናዬን መሪ እያየሁ እስከ አዳማ ነዳሁ።

አላስካ ከተመለሱ በኋላ ደወልኩላቸውና ኮሚሽን መውሰዴን ነገርኳቸው። ሳቁ። «ይኸው ነው ያስጨነቀህ? የትም አገር ያለ ነገር ነው፤ ለልጆችህ ነው» አሉኝ። ስልኩን ስዘጋ ቀለል አለኝ። ሊቀለኝ አይገባም ነበር፤ የነገርኳቸው ይቅር እንደሚሉኝ የማውቀውን ነዋ። ስለ ድንኳኑ አልተናገርኩም። ገንዘቡን ሲያውቁ እንደማንኛውም ደላላ ሆንኩ፤ ያ አይከፋም። ድንኳኑን ካወቁ ግን ለጉልበታቸው ያሰበ ሰው አልነበረም ማለት ነው። ያንን ሰው ልነጥቃቸው አልፈለግኩም፣ ወይም እንዲህ እያልኩ የራሴን ስም እየጠበቅኩ ይሆናል። ሁለቱን መለየት አልቻልኩም፤ ሁለተኛው ሳይሆን አይቀርም።

ባለፈው ፋሲካ ደውለው አንድ ወዳጃቸው ለአደን ሊመጣ እንደሚፈልግ ነገሩኝ። የሽማግሌውን መሪ ስልክ ሰጠኋቸው፤ ካምፑ ይደሩ፣ ሦስት ሳምንት ይያዙ አልኳቸው።

«ድንኳኑን እንደሆነ ጠግነውታል አይደል?» አሉኝ።

«አዎ ጋሼ፣ ጠግነውታል» አልኩ።