«ዛሬ ጣና ሰላም ነው»

ጣና ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ የሚሰፋ ውኃ ነው። ጠዋት ጸጥ ብሎ ይተኛል፤ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሳ ግን ሌላ ሐይቅ ነው። ባሕር ዳር ላይ የደሴት ጉዞ በማለዳ ቢሆን የሚመረጠው ለዚህ ነው።

ባለፈው የበዓል ሰሞን ከባለቤቴና ከሁለት ልጆቻችን ጋር በሞተር ጀልባ ወጥተን ነበር። ክብራን ገብርኤል ሴት ስለማይገባ፣ ከወንዱ ልጄ ጋር ተሳልመን ስንመለስ ባለቤቴና ትንሿ ልጃችን ጀልባው ላይ ጠበቁን። ወደ እንጦስ ኢየሱስ ስንሻገር ማዕበሉ ጀልባዋን ከጎን ይመታት ጀመር። ላይፍ ጃኬት አለ፤ ሁሉም ግን የአዋቂ ልክ ነው። የ5 ዓመቷ ልጄ ስታጠልቀው ጆሮዋ ድረስ ዋጣት። «የልጅ የለም ወይ?» አልኩት ካፒቴኑን። «አይዞህ ወንድሜ፣ ዛሬ ጣና ሰላም ነው» አለኝ። እናቷ እቅፏ ውስጥ ሸጉጣ አሻገረቻት።

ካፒቴኑ ክፉ ሰው አይደለም። ግን ሰፊ ጃኬት ውኃ ውስጥ ወደ ላይ ይሸሻል፤ ሕፃኑ ከሥር ይሾልካል። ጃኬቱ ይንሳፈፋል፣ ልጁ ይሰምጣል። እንዲህ ያለው ጃኬት ለተቆጣጣሪ ዓይን እንጂ ለልጅ ነፍስ የተጫነ አይመስልም።

ዩኔስኮ ጣናን በ2015 እ.ኤ.አ. በባዮስፌርነት መዝግቦታል። ቤተሰብ ይዛችሁ ኑ የምንል ከሆነ፣ በየጀልባው ሁለት ሦስት የልጅ ጃኬት ይኑር፤ ሳይለበስም ሞተር አይነሳ።

ተሳፋሪም ዋጋ ከመከራከሩ በፊት «የልጅ ልክ አለ?» ብሎ ይጠይቅ። መልሱ ስለ አየሩ ከሆነ፣ ሌላ ጀልባ ይፈልግ።