ወይዘሮም ነበሩ፣ አባባም ነበሩ

የልጆች ተረት ነጋሪውን አባባ ተስፋዬን መጀመሪያ ያወቅኳቸው ዳንቴል በለበሰ ቴሌቪዥን ውስጥ ነው። ልደታ፣ ከአሮጌው አውሮፕላን ማረፊያ አጥር ብዙም በማይርቅ ሰፈር፣ ከእኛ ቤት ሦስተኛው ግቢ ውስጥ ቴሌቪዥን ነበረ። ባለቤቲቱን የሰፈሩ ልጅ ሁሉ «እትዬ» ነበር የሚላቸው። የልጆች ፕሮግራም ሊጀምር ሲል እግራችንን ታጥበን፣ ጫማ ያለው ጫማውን በር ላይ አውልቆ፣ ተራ በተራ እንገባለን። እግሩን ያልታጠበ አይገባም። እትዬ ዳንቴሉን በሁለት እጃቸው አንስተው፣ አጣጥፈው ጭናቸው ላይ ያደርጉና ማብሪያውን ይጫናሉ። ትልቁ ልጃቸው ጣሪያ ላይ ሆኖ አንቴናውን ያዞራል፤ እኛ ከታች «መጣ!»፣ «ጠፋ!»፣ «በቃ እዛው ጋ ተወው!» እያልን እንጮኻለን።

የልደታ ልጅ ሌላው ሰፈር የማያውቀው አንድ ችግር ነበረበት። ያ ማረፊያ የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1938 ዓ.ም. የመጀመሪያ በረራውን ወደ ካይሮ ያደረገበት ነው። ቦሌ ከተሠራ በኋላ ለጦሩ ትናንሽ አውሮፕላኖችና ሄሊኮፕተሮች ቀረ። አንዱ ዝቅ ብሎ በጣሪያችን ላይ ሲያልፍ ምስሉ ይንቀጠቀጣል፤ የአባባ ተስፋዬ ፊት አንዴ ይረዝማል፣ አንዴ ይሰፋል፣ ድምፃቸውም በሞተሩ ጩኸት ይዋጣል። በሌላ ጊዜ ሄሊኮፕተር ሲመጣ እየዘለልን እጃችንን የምናውለበልብ ልጆች በዚያች ሰዓት ከመጣብን በጣም እንናደድ ነበር። አያ ጅቦ ምን ብሎ እንደመለሰ ሳንሰማ እንቀራለንና!

ተረቶቹን እናቶቻችንም ያውቋቸው ነበር። አያቴማ ከሳቸው የበለጠ ብዙ ታውቃለች። ታዲያ እግር ታጥቦ፣ ተሰልፎ፣ ምንጣፍ ላይ ተጨናንቆ መቀመጥ ምን አመጣው? ያን ጊዜ አልጠየቅኩም። ዛሬ ሳስበው መልሱ ድምፃቸውና ዝምታቸው ነው። ጅቡ ሲናገር ድምፁ ከጉሮሯቸው ሥር ይመጣል፤ ፍየሏ ስትመልስ አንገታቸው ይሰግጋል፣ ዓይናቸው ይፈጣል፣ ድምፃቸው ይቀጥናል። አንበሳው ሊገባ ሲል ግን ዝም ይላሉ። ካሜራውን ትክ ብለው እያዩ ዝም። ያቺ ዝምታ ቤቱን ታፍነዋለች፤ ከፊት የተቀመጡት ትንንሾቹ ወደ ኋላ ይሸሻሉ፣ አንዱ ሌላው እግር ላይ ይወጣል። አንበሳው ሲያገሳ ሁላችንም እንጮኻለን፤ ወዲያው ደግሞ ሳቅ። ስንት ሰኮንድ ዝም ማለት እንዳለበት የሚያውቅ ሰው ብቻ ነው እንዲህ የሚያደርገው። ያ ደግሞ በአንድ ቀን የሚገኝ አይደለም፤ በመድረክ፣ በተመልካች ፊት፣ በብዙ ዓመት የሚለመድ ነው።

የመድረኩን ነገር የነገሩኝ አጎቴ ናቸው። የእናቴ ታላቅ ወንድም የክብር ዘበኛ ወታደር ነበሩ፤ ኮሪያ ዘምተው ተመልሰዋል፤ ጡረታ ከወጡ በኋላ ጦር ኃይሎች አካባቢ ይኖሩ ነበር። እኛ ቤት የመጡ ቀን እትዬ ቤት ድረስ ይዤያቸው ሄድኩ። ለትልቅ ሰው ወንበር ተለቀቀላቸው። አባባ ተስፋዬ በቴሌቪዥኑ መስኮት ብቅ ሲሉ አጎቴ ጭናቸውን በእጃቸው መቱና ሳቁ። «እናንተ አባባ ትሉታላችሁ፤ እኔ ሳውቀው ወይዘሮ ነበር» አሉ።

ቤቱ ውስጥ ያለ ልጅ ሁሉ ዞሮ አያቸው። እኔ አፈርኩ፤ አጎቴ ስለ ትልቅ ሰው እንዲህ ሲናገሩ ሰምቼ አላውቅም። ወደ ቤት ስንመለስ ነው ነገሩን የዘረዘሩልኝ።

አባባ ተስፋዬ፣ በሙሉ ስማቸው ተስፋዬ ሣህሉ፣ በባሌ የተወለዱት በሰኔ 1915 ዓ.ም. ነው። ጠላት ጣሊያን ከወጣ በኋላ በአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት ቴአትር ይሠራ በነበረበት ዘመን ከመጀመሪያዎቹ ተዋንያን አንዱ ሆኑ። ሴት ልጅ መድረክ ላይ ወጥታ በሰው ፊት መታየቷ እንደ ነውር ይቆጠር ነበርና በቴአትሮቹ ውስጥ ያሉትን እናት፣ ሚስት፣ ሙሽራ የሚጫወቱት ወንዶች ነበሩ። ያን ሚና ከያዙት ወጣቶች ስማቸው የገነነው ተስፋዬ ናቸው። ቀሚስ ለብሰው፣ ሻሽ አስረው፣ ነጠላ ጣል አድርገው ሲወጡ አዳራሹ በሳቅ ይናወጣል፤ ታሪኩ ሲያሳዝን ግን ያው ተመልካች ሳቁን ረስቶ እንባውን ያብሳል። እንዲህ አሉኝ አጎቴ፤ እኔም አመንኳቸው፤ ምክንያቱም አጎቴ ማንንም በቀላሉ አያደንቁም ነበር።

ተስፋዬ ኮሪያም ሄደዋል። ኢትዮጵያ ወደ ኮሪያ ጦርነት የላከችው የቃኘው ሻለቃ ከ1943 ዓ.ም. ጀምሮ እየተተካካ ሲዘምት፣ ከወታደሩ ጋር ሄዶ የሚያጫውተውና የሚያስቀው ሰው ያስፈልግ ነበር፤ ተስፋዬ ሣህሉ ለዚያ ተመርጠው ዘማቾቹን በጨዋታና በትርዒት አዝናንተዋል። ሻለቃው ከ120 በላይ ልጆቹን በሞት ያጣ፣ አንድም ምርኮኛ ያላስያዘ ሠራዊት ነው። አጎቴ ስለ ውጊያው ሲናገሩ ቃል ይቆጥባሉ። ስለዚያ ሳቅ ሲናገሩ ግን ፊታቸው ይፈካል። እዚያ ብርድ ውስጥ በአማርኛ የተቀለደ ቀልድ ምን ማለት እንደሆነ ከሳቸው ፊት ላይ አንብቤያለሁ።

ሳቁ በእሳቸው አልተጀመረም፤ ቴአትራችን ከመነሻው ከሳቅና ከእንስሳት ጋር የተጣበቀ ነው። በ1913 ዓ.ም. አካባቢ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም የጻፉት የመጀመሪያው የአማርኛ ቴአትር «ፋቡላ፦ የአውሬዎች ኮመዲያ» ይባላል። አውሬዎቹ የሚናገሩት ስለ እነሱ መሆኑ ለሹማምንቱ ገብቷቸው ነው መሰል፣ በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን ተከለከለ። ከዚያ ወዲህ መድረኩ ወደ ታሪክና ወደ ቁም ነገር ብዙ አዘነበለ። አባባ ተስፋዬ በቴሌቪዥን ጅብና ጦጣን፣ አንበሳና አይጥን ሲያናግሩ ያንን የተቋረጠ ክር ያነሱት ይመስለኛል፤ ማንም እንዲያነሱ አላዘዛቸውም።

የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥራ የጀመረው በጥቅምት 1957 ዓ.ም. ነው። እሳቸውም በዚያው ዘመን የልጆቹን ፕሮግራም ያዙ፤ ለ42 ዓመታት ያህልም ይዘውት ቆዩ። ሒሳቡን የሠራሁት ካደግኩ በኋላ ነው፤ ስሠራው ደነገጥኩ። በ1915 የተወለደ ሰው በ1957 ገና 42 ዓመት አልሞላውም! እኛ እንደ አያት የምናያቸው ሰው ሲጀምሩ የጎልማሳ ዕድሜ ላይ ነበሩ። አባባነቱ የዕድሜ ጉዳይ አልነበረም። ቀደም ሲል ወይዘሮዋን እንደፈጠሩት አያቱንም በድምፅ፣ በአቀማመጥ፣ በአነጋገር ፈጠሩት። ልዩነቱ ወይዘሮዋ መጋረጃው ሲወርድ ቀሚሷን ታወልቃለች፤ አያቱ ግን አልወለቀም። እየቆየ ዕድሜያቸው ራሱ መጥቶ ሚናውን ደረሰበት።

እንዲህ ያለ ሕይወት ሌላ አገርም ገጥሞኛል። ድምፅ አልባ ፊልሞችን በፍቅር ማየት የጀመርኩ ጊዜ ከቻርሊ ቻፕሊን ጀርባ፣ ከበስተር ኪተን ጎን፣ አንድ ቀጭን፣ እግረ ረጅም፣ የሚወድቅና የሚነሳ ልጅ ደጋግሜ አየሁ። አል ሴይንት ጆን ይባላል፤ ካሊፎርኒያ የተወለደ፣ የዝነኛው ወፍራም ኮሜዲያን የሮስኮ አርባክል የእህት ልጅ። እ.ኤ.አ. በ1914 በኪስቶን ኩባንያ አጫጭር ፊልሞች ከቻፕሊን ጋር ሠርቷል፤ በ1917 ኪተን ለመጀመሪያ ጊዜ ካሜራ ፊት ሲቆም እሱ ከአጎቱ ጋር እዚያው ነበር። በብስክሌት የሚሠራው ጉድ ዛሬም ትንፋሽ ያሳጥራል። ፊልም መናገር ሲጀምር ብዙዎቹ ጓደኞቹ ጠፉ። አል ሴይንት ጆን ግን ጢሙን አሳደገ፣ ባርኔጣውን አጣመመ፣ በ1930ዎቹ መጨረሻ «ፈዚ» የሚባል የካውቦይ ፊልም ሽማግሌ ሆኖ ተመለሰ። እኛ ሲኒማ ቤት «አክተሩ» የምንለው ቆንጆው ጀግና ሲተኩስ፣ ከጎኑ የሚደናቀፈው፣ የሚያስቀው እሱ ነው። ከበስተር ክራብ፣ በኋላም ከላሽ ላሩ ጋር በብዙ ርካሽ ፊልሞች ሠራ። ሽማግሌ መሆን ሲጀምር እሱም በአርባዎቹ አጋማሽ ላይ ነበር። የ1940ዎቹ አሜሪካዊ ልጅ ፈዚን እንጂ ያንን ባለ ብስክሌት ወጣት አያውቅም። እሱ ግን ከፈረስ ሲወድቅ ተመልከቱት፤ የሚወድቀው ያው በ1917 የወደቀው ልጅ ነው፤ ጢም ያለበት መሆኑ ብቻ ነው አዲሱ። በ1963 እስከሞተበት ጊዜ ድረስ ከሕዝብ ፊት ብዙ አልራቀም።

የሱ ውድቀቶች በፊልም ላይ ቀርተዋል፤ ማንም ደጋግሞ ሊያያቸው ይችላል። መድረክ ግን ለማንም አያዝንም። የተስፋዬ ሣህሉ ወይዘሮ የቀረችው በተመልካቾቿ ልብ ውስጥ ነው፤ ተመልካቾቿ ደግሞ እያለቁ ነው። ይህ ያንገበግበኛል። በሐምሌ 2009 ዓ.ም. አባባ ተስፋዬ በ94 ዓመታቸው ሲያርፉ ከተማው በሙሉ አለቀሰ፤ ቀብራቸውም በመንበረ ጸባዖት ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ተፈጸመ። ከማረፋቸው ጥቂት ቀደም ብሎ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ የክብር ዶክትሬት ሰጥቷቸው ነበር፤ እሰየው! ነገር ግን በዚያ ሳምንት የሰማሁት ሁሉ ስለ ተረት አባቱ ነበር። ስለ ተዋናዩ፣ በብሔራዊ ቴአትር ዓመታቸውን ስለጨረሱት፣ በ«ኦቴሎ»ና በ«ሀሁ በስድስት ወር» ስለተሳተፉት ተዋናይ የሚናገር ጥቂት ነበር። አያቱን ያገኘነው ከዚያ ተዋናይ ነው፤ ተዋናዩ ባይኖር እትዬ ቤት የሰማሁት ዝምታም አይኖርም ነበር።

በአካል ያየኋቸው ብሔራዊ ቴአትር ደጃፍ ነው። ሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ነበርኩ፤ ከሜክሲኮ ወደ ለገሃር በእግሬ እወርድ ነበር። ኮታቸውን ለብሰው፣ ቀስ ብለው በእግረኛ መንገዱ ይሄዳሉ። የገረመኝ አዋቂው ነው። ቦርሳ የያዘ ሠራተኛ፣ ሊስትሮው ፊት የተቀመጠ ሰውዬ፣ ዳቦ የገዙ እናት ሁሉም ጎንበስ እያሉ «አባባ ተስፋዬ!» ይላሉ፤ ሁሉም በልጅነት ድምፃቸው። እኔም ተጠግቼ እጄን ሰጠሁ። ከልደታ እንደመጣሁ፣ ሄሊኮፕተሩ ተረቱን እየቆረጠ እንዳስቸገረን ልነግራቸው ፈለግኩ፤ ምላሴ ተያዘና ዝም አልኩ። እሳቸው ግን እጄን ሳይለቁ ስለ ትምህርቴ ጠየቁኝና ትከሻዬን መታ መታ አድርገው አለፉ።

እትዬ የነበሩበት ግቢ የለም። ያ ሰፈር ፈርሶ ኮንዶሚኒየም ቆሞበታል፤ ባቡሩም በራሳችን ላይ ያልፋል። አጎቴም አርፈዋል። የማልረሳው ግን አንድ የግንቦት ልደታ ቀን ነው፤ ንፍሮው ተበልቶ፣ ጎረቤት ደጅ ላይ ተሰብስቦ፣ ሁለተኛው ቡና ሲቀዳ። አንዱ ልጅ የአባባ ተስፋዬን ጅብ አስመስሎ አሳቀን። አጎቴ ሲኒያቸውን አስቀመጡ፣ ከበርጩማቸው ተነሡ። የእናቴን ነጠላ ከትከሻዋ ላይ ወሰዱ፤ «ጋሼ፣ ምን ልታደርግ ነው?» አለች። ነጠላውን ተከናነቡ፣ ጫፉን በአፋቸው ያዝ አደረጉ፣ ከዘራቸውን ጥለው እንስራ እንደተሸከመች ሴት ወገባቸውን ሰበቁና በግቢው መሐል መሄድ ጀመሩ። ሦስት እርምጃ ሄደው ዞር አሉ፤ ማን እንደጠራት እንደማታውቅ ሆነው፣ እያወቀች ግን ደስ እንዳላት፣ በዓይናቸው ብቻ። ማዘጋጃ ቤት አዳራሽ ውስጥ በወጣትነታቸው ያዩት ነው፤ ከተስፋዬ ሣህሉ አንዲት እንቅስቃሴ አልጎደለችም አሉ። ኮሪያ የዘመቱ ሽበታም ወታደር ናቸው። እናቴ ሆዷን ይዛ ስትስቅ ጀበናውን ረሳችው፤ ቡናው ገንፍሎ ከሰሉን አጠፋው።