ተኝቶ የቀረው

አባቴ ዕድሜያቸውን በአሰብ መንገድ ላይ የጨረሱ የጭነት መኪና ሾፌር ነበሩ። በ1990 ዓ.ም. ጦርነቱ ተነሥቶ መንገዱ ሲዘጋ ቤት ዋሉ፤ ጨዋታቸው ግን እዚያው መንገድ ላይ ቀረ። ገዋኔ ስላደሩበት ሌሊት፣ ሚሌ ላይ ስለፈነዳው ጎማ፣ ስለ ቡሬ ሙቀት ማውራት ሲጀምሩ ቡናው ፊታቸው ይበርዳል። በ2009 ዓ.ም. ክረምት «ይህን እኔ ካልጻፍኩት ማን ይጽፈዋል?» አልኩና ማታ ማታ አጠገባቸው እየተቀመጥኩ የሚሉትን በላፕቶፕ መልቀም ጀመርኩ።

አንድ ማታ ሳልጠይቃቸው ስለ ረዳታቸው አነሡ። መንገድ ላይ ስለሞተው ልጅ። እንዴት እንደሞተ፣ ሬሳውን ጭነው ሌሊቱን እንዴት እንደነዱ፣ ለእናቱ ምን ብለው እንደነገሯት። ከዚያ በፊት ለማንም፣ ለእናቴም ቢሆን፣ አውርተውት አያውቁም። ሲጨርሱ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው መለሱ። እሳቸው እንዲያ ሆነው የእኔ ጣት ቁልፍ ሲያንኳኳ ነውር መሰለኝና የላፕቶፑን ክዳን ቀስ አድርጌ ዘጋሁት። ሶኬት ላይ ተሰክቷል፤ ምን ይሆናል?

ሌሊቱን መብራት ሄደ። በማግሥቱም ሳይመጣ ዋለ። አመሻሽ ላይ ሲመጣ ክዳኑን ብከፍት ማሽኑ እንደ አዲስ ተነሣ። የአማርኛው ፊደል በትልቁ የጽሑፍ ፕሮግራም እየተሰባበረ ስላስቸገረኝ የምጽፈው ኖትፓድ በምትባለው ትንሿ ፕሮግራም ነበር። እሷ ደግሞ ያኔ «አስቀምጪ» ካላሏት አታስቀምጥም። የቀደሙት ማታዎች በየፋይላቸው አሉ፤ የዚያች ማታ ግን የለችም።

ቀን ቆጥሬ፣ ቃል መርጬ ወደ አባቴ ቀረብኩ።

«አባባ፣ ያንን የረዳትዎን ነገር እስቲ እንደገና ይንገሩኝ።»

«ነግሬህ የለም እንዴ? ስትጽፍ አልነበር?»

እውነቱን ነገርኳቸው። ጥቂት ዝም ብለው፣ «አንድ ጊዜ አውጥቼዋለሁ፤ ሁለተኛ አልችልም ልጄ» አሉኝ።

ምን እንደተፈጠረ ያስረዳችኝ ኮምፒዩተር ትማር የነበረችው የእህቴ ልጅ ናት። «ጋሼ፣ ክዳኑን ሲዘጉት እኮ አልጠፋም፤ ተኛ እንጂ» አለችኝ። ስሊፕ የሚባለው እንቅልፍ ስክሪኑንና ዲስኩን ያጠፋል፤ ሳይቀመጥ የተከፈተውን ሥራ ግን የሚይዘው ራም ላይ ነው። ራም ደግሞ ኤሌክትሪክ እስካገኘ ብቻ የሚያስታውስ ክፍል በመሆኑ፣ ማሽኑ ተኝቶም ቢሆን ጥቂት ጥቂት ባትሪ ይጠባል። ባትሪው ሲያልቅ ራም ሁሉን ይረሳል። ሃይበርኔት የሚባለው ግን በራም ያለውን በሙሉ ዲስክ ላይ ጽፎ ጨርሶ ይጠፋል። ከዚያ በኋላ ባትሪው ቢያልቅ፣ መብራት ሳምንት ቢጠፋ ግድ የለውም። በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል ሲባል ሰምቼ አድጌያለሁ፤ ተረቱ ለማሽንም እንደሚሠራ ግን ማን ነግሮኝ!

ዊንዶውስ ለዚህ መላ ነበረው። ባትሪው ሊሞት ሲቃረብ የተኛው ማሽን ይነቃና በራም ያለውን ዲስክ ላይ ይጽፋል። የእኔው ለምን እንዲያ አላደረገም? ከወራት በፊት «ዲስኩ ሞላብኝ» ብዬ አንድ ጥገና ቤት ወስጄው ነበር። ሠራተኛው ሃይበርኔትን ዘግቶ፣ የተያዘለትን ፋይል አጥፍቶ 3 ጊጋ ባይት ያህል ቦታ አስለቀቀልኝ። በእሱ አልፈርድም፤ ቦታ የጠየቅሁት እኔ ነኝ። በዚያ ቦታ ሁለት ሦስት ፊልም ጫንኩበት። አንዱንም እስከ መጨረሻው አላየሁትም።

የእህቴ ልጅ በጥቁሩ የትእዛዝ መስኮት አንዲት መስመር ጽፋ ሃይበርኔትን መለሰችው። ከዚያ ኮንትሮል ፓነል፣ ከዚያ ፓወር ኦፕሽንስ ገባች። እዚያ ለእያንዳንዱ ጥያቄ ሁለት መልስ ይሞላል፤ አንዱ ማሽኑ በባትሪ ሲሠራ፣ ሌላው ሶኬት ላይ ሲሰካ። ክዳኑ ሲዘጋ ምን ይሁን? በሁለቱም ሃይበርኔት አለች። አሮጌ ባትሪ ገና አለኝ እያለ ድንገት ስለሚሞት የመጨረሻውን የማስጠንቀቂያ መጠንም ከ5 በመቶ ወደ 25 ከፍ አደረገችው።

ይህ የኃይል አያያዝ ደንብ ከየት እንደመጣ ቆይቼ አነበብኩ። ኢንቴልና ማይክሮሶፍት የመጀመሪያውን ደንብ ያወጡት እ.ኤ.አ. በ1992 ነው፤ የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤትም ኤነርጂ ስታር የተባለውን ምልክት የጀመረው በዚያው ዓመት ነው። በ1996 ደግሞ ቶሺባ ተጨምሮ ዛሬም የሚሠራበት ደንብ ተተካ። ሐሳቡ በከንቱ የሚፈሰውን ኤሌክትሪክ መቆጠብና የባትሪን ዕድሜ ማራዘም ነበር። ስለዚህም ማሽኑ ከፋብሪካ ሲወጣ ባትሪውን ይጠራጠራል፣ ሶኬቱን ያምናል። በእኔ ዊንዶውስ 7 ላይ በባትሪ ሲሆን ማሽኑ በ15 ደቂቃ እንዲተኛ፣ ሶኬት ላይ ከሆነ እስከ 30 ደቂቃ እንዲታገሥ ተደልድሎ ነበር። ድልድሉ ሶኬት በሚታመንበት አገር የተሠራ ነው። እኔ ግን ያን ማታ «ተሰክቷል፤ ምን ይሆናል?» ስል፣ መብራት ሲሄድ ሲመጣ ያደግሁት ሰውዬ፣ እንደዚያ አገር ሰው አሰብኩ።

አባቴ በ2011 ዓ.ም. አረፉ። ስለ ረዳታቸው የሚለው ፋይል አሁን አራት መስመር ነው፤ እኔ የማስታውሰውን ያህል። የልጁን ስም ግን የያዘው የጠፋው ገጽ ነበር። አባቴን ስሙን ብቻ እንዲነግሩኝ እንኳ ደግሜ ለመጠየቅ አልደፈርኩም።

የዛሬው ላፕቶፔ ዊንዶውስ 11 ነው። ሃይበርኔት ከሚዘጋበት ምርጫ መካከል አልነበረም፤ ፓወር ኦፕሽንስ ውስጥ ገብቼ አወጣሁት። ክዳኑን ስዘጋ ማሽኑ ወዲያው አይጠፋም፤ የያዘውን ሲጽፍ ጥቂት ይቆያል። መብራቱ እስኪጠፋ ድረስ እጄን ክዳኑ ላይ አድርጌ እጠብቀዋለሁ።