የእናቴ ፊት የተጣመመ ዕለት

እናቴ ያኔ 71 ዓመቷ ነበር። ጠዋት ቡና ስትጠጣ ከከንፈሯ በግራ በኩል አምልጦ ነጠላዋ ላይ ፈሰሰ። ቀና ብዬ ሳያት ፊቷ ወደ ቀኝ ተስቧል። ጎረቤታችን «ምች ነው» አለች፤ ዳማከሴ ተጨምቆ መጣ። እኔም አምኜ ሁለት ቀን አስቀመጥኳት። ያ ሁለት ቀን ዛሬም ይቆጨኛል።

አንደኛው ትምህርቴ ይኸው ነው። የትልቅ ሰው ፊት በድንገት ሲጣመም መጀመሪያ የሚፈራው ስትሮክ ነው። የረጋ ደም የሚያሟሟው መድኃኒት ደግሞ የሚሰጠው ምልክቱ ከጀመረ 4 ሰዓት ተኩል ሳይሞላው ነው። እጅ ከዛለ ወይም አንደበት ከተሳሰረማ ለደቂቃም አይጠበቅም።

ሁለተኛው፣ ግንባር ብዙ ይናገራል። ሆስፒታል ስንደርስ ሐኪሙ «እማማ፣ ቅንድብዎን ወደ ላይ ያንሱ» አላት። የግራው አልተነሳም፤ ዓይኗም አልገጠመም። የግንባር ጡንቻ ከሁለቱም የአንጎል ወገን ትእዛዝ ስለሚደርሰው ስትሮክ አብዛኛውን ጊዜ ግንባርን ይተወዋል። ግንባሩም አብሮ ሲሰንፍ የሚጠረጠረው ራሱ የፊት ነርቭ ነው። ይህን መለየት ግን የሐኪም ሥራ ነው፤ ቤት ውስጥ ሞክሮ «ስትሮክ አይደለም» ብሎ መቀመጥ አይገባም።

ሐኪሙ ቀጥሎ ጆሮዋን አየ። ለካ ቀደም ብላ «ጆሮዬን ወጋኝ» ስትለኝ የነበረው በከንቱ አልነበረም፤ ውስጡ ውኃ የቋጠሩ ትንንሽ ሽፍታዎች ነበሩ። አልማዝ ባለጭራ! በልጅነት ጉድፍ ያስያዘን ቫይረስ ነርቭ ውስጥ አድፍጦ ኖሮ ዕድሜ ሲገፋ፣ አቅም ሲደክም ይነሳል። ቫይረሱን የሚዋጋ መድኃኒትና ፕሬድኒሶሎን ታዘዘላት። ሁለቱም በመጀመሪያዎቹ 3 ቀናት ቢጀመሩ ይመረጣል፤ እኛ ለጥቂት ደረስን። ስኳር ስላለባትና ፕሬድኒሶሎን ስኳር ስለሚጨምር በየቀኑ እንለካት ነበር።

ፊት የሚጣመምበት ምክንያት ሌላም ሊሆን ይችላል። ብዙ ጊዜ መነሻው ሳይታወቅ ነርቩ ያብጣል፤ ቤልስ ፖልሲ የሚሉት ነው። በሳምንታትና በወራት ቀስ እያለ የሚጣመም ፊት ግን ዕጢ ያስጠረጥራል።

የዓይኗን ነገር ሳልጠቅስ አላልፍም። የማይከደን ዓይን ይደርቃል፣ ይቆስላል፣ ብርሃን እስከማጣት ያደርሳል። ቀን ጠብታ፣ ማታ ቅባት አድርገን በፕላስተር እንከድነው ነበር።

ዛሬ ዓይኗ ይገጥማል፤ ፈገግታዋ ግን አሁንም ወደ ቀኝ ያደላል። እናት አባት ያላችሁ፣ እባካችሁ ዳማከሴው ይቆይና መጀመሪያ ሆስፒታል ውሰዷቸው።