የባሕር ሪል በኮልፌ ሜዳ

ኮልፌ ሲባል ሰው የሚያስበው አጠና ተራውን፣ ሸማኔውን፣ አለዚያም ኔልሰን ማንዴላ በ1954 ዓ.ም. ክረምት የሠለጠኑበትን የፈጥኖ ደራሽ ካምፕ ነው። ባሕር ለማንም ትዝ አይለውም። ሰፈራችን ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍ ብሎ የተቀመጠ ነው። በቅርብ ያለው ትልቅ ውኃ ገፈርሳ ሲሆን እሱም የከተማው መጠጥ ስለሆነ ዘበኛ ነበረው። እኔ ግን ስለ ቀይ ባሕር ከማውቀው አብዛኛውን የተማርኩት ኮልፌ ውስጥ፣ ከብት ይግጥበት በነበረ ሜዳ ላይ ነው። ያስተማሩኝ ጋሼ፣ የእናቴ ታላቅ ወንድም ናቸው።

ጋሼ የባሕር ኃይል ባለ ሌላ ማዕረግ ነበሩ። ባሕር ኃይላችን እ.ኤ.አ. በ1955 ሲቋቋም ኖርዌያውያን መኮንኖች በማሠልጠኑ ተካፍለው ነበር፤ ጋሼ የተቀጠሩት ግን ዘግየት ብለው፣ «ኢትዮጵያ» የተባለችው መርከብ ምጽዋ ከገባች በኋላ ነው። ይህች መርከብ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ «ኦርካ» ተብላ የአሜሪካን የባሕር አውሮፕላኖች ስትረዳ የቆየች፣ 95 ሜትር ገደማ ርዝመት ያላት ነበረች። እ.ኤ.አ. በ1962 ለእኛ ተሰጠች። ጋሼ ስለ መርከቧ ሲያወሩ ደረታቸው ይነፋ ነበር፤ ስለ ዓሣ ሲያወሩ ደግሞ ዕድሜያቸው ይቀንሳል።

ያን ጊዜ አሥመራ በሚገኘው ቃኘው ጣቢያ የሚሠሩ አሜሪካውያን ለዕረፍት ምጽዋ እየወረዱ ዓሣ ያጠምዱ ነበር። በ1969 ዓ.ም. ጣቢያው ሲዘጋ ዕቃቸውን የሸጠው ሸጦ፣ የሰጠው ሰጥቶ ሄደ። ከዚያ ዕቃ አንድ ፔን የተባለ ሪል፣ ማለት የዓሣ ማጥመጃ ክር መጠቅለያ፣ ለጋሼ ደረሳቸው። ፔን፣ ኦቶ ሄንዝ የተባለ ጀርመናዊ ስደተኛ እ.ኤ.አ. በ1932 ፊላደልፊያ ላይ ያቋቋመው ፋብሪካ ነው። ሪሉ አረንጓዴ፣ በልጅ እጅ ሲያዝ የሚከብድ፣ መዘውሩ ሲዞር ድምፁ ደስ የሚል ነበር። በቀጣዩ ዓመት በኤርትራው ጦርነት ምጽዋ ተከባ ጋሼ እግራቸውን ቆሰሉ። ኮልፌ ሲመጡ ይዘውት የመጡት አንድ ሻንጣ፣ አንድ ዘንግና ያንን ሪል ብቻ ነው።

ሪሉን መጀመሪያ የመረመሩት ጎረቤታችን ሸማኔው ነበሩ። ክሩን ሳብ አድርገው አዩና «ይኼማ የእኛ ሥራ ነው» ብለው ሳቁ። ብዙም አልተሳሳቱም። ክሩ የሚጠመጠምበት ክፍል ሳይዞር፣ ክሩ በጫፉ በኩል ተተርትሮ የሚወጣበትን ይህን ዘዴ እ.ኤ.አ. በ1905 በስሙ ያስመዘገበው እንግሊዛዊው አልፍሬድ ኢሊንግወርዝ የሱፍ ፋብሪካ ባለቤት ነበር። ሐሳቡን ያገኘውም ከፋብሪካው የክር ማጠንጠኛ ነው ይባላል።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ጋሼ እያነከሱ ወደ ሜዳው ይወጣሉ፤ እኛ የሰፈር ልጆች እንከተላቸዋለን። መንጠቆውን ፈትተው በምትኩ እርሳስ ያስሩና ይወረውራሉ። እርሳሱ ከላሞቹ ራስ በላይ አልፎ ሩቅ ሲወድቅ እኛ እየተሽቀዳደምን እናመጣለን። ዋናው ትምህርት የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው። የክሩን ጫፍ ከአንዳችን ወገብ ጋር በነጠላ ያስሩና «ዓሣ ነህ፤ ሩጥ!» ይላሉ። እንሮጣለን። ክሩ መጀመሪያ እየተንጫረረ ይለቃል፤ ቀጥሎ ይከብዳል፤ ጉልበታችን ሲያልቅ ቀስ እያሉ ይጠቀልሉንና እግራቸው ሥር ያደርሱናል። እናቶች «ልጆቹን እንደ ከብት ጎተቷቸው!» እያሉ ቢቆጡም በሩጫው መካከል ይስቁ ነበር።

«ጉልበት የመዘውሩ አይደለም፤ የፍሬኑ ነው» ይሉን ነበር ጋሼ። ከክሩ መጠቅለያ ሥር የተደራረቡ ክብ ሳህኖች እየተፋተጉ ክሩን እንደ ልክ ይለቁታል። ክሩ 20 ኪሎ የሚችል ከሆነ ፍሬኑ በሲሶው፣ ከ6 እስከ 7 ኪሎ ላይ እንዲለቅ ይጠብቃል። ከዚያ በላይ ካጠበቁት ትልቁ ዓሣ በመጀመሪያው ሩጫ ይበጥሰዋል፤ ካላሉት ደግሞ ክሩን ሁሉ ይዞ ይሄዳል። ባራኩዳም ሆነ ኪንግፊሽ በጉልበት አይወጣም። ሲሮጥ ይሰጡታል፤ ሲደክም ይወስዱታል። ጋሼ ይህን ለትዳርም ለመንግሥትም ይሠራል ይሉ ነበር፤ ለመንግሥት የሚለውን ግን ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነው።

ጨው የሪል ጠላት ነው። ባሕር የነካ ሪል በዚያው ቀን በንጹሕ ውኃ ካልታጠበ ውስጡ ይበላል። የእኛ ሪል ኮልፌ ከገባ ወዲህ ጨው ያየው አያቴ ወጥ ሲሠሩ ብቻ ቢሆንም፣ ጋሼ ከሜዳ በተመለሱ ቁጥር ያጥቡት ነበር። አያቴ ከቦኖ ተቀድቶ በጀርባ የመጣ ውኃ በብረት ላይ ሲፈስ እያዩ «ደግሞ ሳር የነካውን!» ይላሉ። ጋሼ ዝም ብለው ያጥባሉ፤ ያደርቃሉ፤ ግራሶ ይቀባሉ፤ በመጨረሻ ሳህኖቹ ተጨቁነው እንዳይጣበቁ ፍሬኑን አላልተው ያስቀምጣሉ።

ለሪላቸው ይህን ያህል ቢጠነቀቁም በእሱ ሲመኩ አልሰማኋቸውም። በምጽዋ ዘመናቸው አብሯቸው በጀልባ ይወጣ የነበረ አንድ የዳህላክ ሰው ነበር። ያ ሰው ሪል የለውም፤ ክሩን እንጨት ላይ ጠምጥሞ በጣቱ ያጠምዳል፤ ሁልጊዜም ከጋሼ የበለጠ ይይዝ ነበር። በቀይ ባሕር ደቡብ ከጥቅምት እስከ ግንቦት ገደማ ነፋሱ ከደቡብ ምሥራቅ እንደሚነፍስ፣ በበጋቸው ሐሩር ግን ዞሮ ከሰሜን ምዕራብ እንደሚመጣ ለጋሼ የነገራቸው እሱ ነው። ባሕሩን የሚያውቁት ያን ጊዜም ዳህላኮቹና አፋሮቹ ነበሩ። እኛ ከደጋ የወረድነው ዩኒፎርሙን እናውቅ ነበር።

እውነቱን ለመናገር አገሩም እንደዚያው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1954 ከኤርትራ ባሕር 25,000 ቶን ገደማ ዓሣ ወጥቷል። አብዛኛው እንደ ሰርዲን ያለ ትንንሽ ዓሣ ሲሆን ደርቆና ተፈጭቶ ለእንስሳት መኖ ወደ ውጭ ይላክ ነበር። የስዊዝ ቦይ ሲዘጋና ጦርነቱ ሲበረታ ያም እየከሰመ ሄደ። ኮልፌ ውስጥ እኛ ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም እያልን ስንከራከር፣ ባሕራችን የሰው አገር እንስሳት ይቀልብ ነበር።

ከዚያ የሆነውን ሁሉም ያውቃል። በየካቲት 1982 ዓ.ም. ምጽዋ ከእጅ ወጣች። በ1983 ዓ.ም. መርከቦቹ ባሕር እያቋረጡ ተሰደዱ። የጋሼ «ኢትዮጵያ» የመን ደርሳ ለቁርጥራጭ ብረት ተሸጠች፤ ከቀሩትም ብዙዎቹ ጂቡቲ ላይ ለሐራጅ ቀረቡ። በ1985 ዓ.ም. ኤርትራ ነፃ አገር ሆነች። ጋሼ ይህን ሁሉ በሬዲዮ ሰሙ። ኤርትራውያን ስለመረጡት ነገር ክፉ ቃል ሲናገሩ አልሰማሁም። የከፋቸው ሌላ ነበር፤ የሙያ ጓደኞቻቸው አንዱ ዘበኛ፣ አንዱ የሚኒባስ ተራ አስከባሪ ሆነው ቀሩ። መልሕቅ መጣል፣ ኮከብ ማንበብ፣ የናፍጣ ሞተር መፍታት የሚችል ሰው መርካቶ በር ላይ ዱላ ይዞ ቆመ።

አሁን ሜዳው የለም። ላሞቹ ይግጡበት በነበረው ቦታ ፎቅ ቆሟል፤ ልጅ እንደ ዓሣ የሚሮጥበት መቶ ሜትር ቢፈለግም አይገኝም። ጋሼ ካረፉ ቆይተዋል። ሪሉ ግን እኔ ዘንድ ነው። የፍሬኑ ሳህን ተበልቶ ስለነበር ሚናለሽ ተራ ወሰድኩት። ባለሙያው ዓሣ አጥምዶ አያውቅም፤ ጥቂት አገላብጦ ካየው በኋላ ከወፍራም ቆዳ ክብ ቆርጦ፣ ግራሶ አጥግቦ ገጠመለት። ዛሬም በልኩ ይይዛል፤ በልኩ ይለቃል።

የእህቴ ልጅ ዱባይ ነው የሚሠራው። ዕረፍት ሲያገኝ ከጓደኞቹ ጋር ጀልባ ተከራይቶ ይወጣና በቴሌግራም ቪዲዮ ይልክልኛል። እሱ የሚያሳየኝ ሪል ጃፓን ሠራሽ ነው፤ ውኃ እንዳያስገባ የታሸገ፣ ፍሬኑ 20 ኪሎና ከዚያ በላይ የሚይዝ፣ ዋጋው ከ1,000 ዶላር የሚያልፍ። በወፍራሙ ናይሎን ምትክ ቀጭን የተገመደ ክር መጥቷል፤ ውፍረቱ ትንሽ፣ ጉልበቱ ብዙ። ሪሉ የጀልባው ባለቤት ንብረት ነው፤ ዓሣውም እንደዚያው። የባሕረኛው እህት የልጅ ልጅ በሰው ባሕር፣ በሰው ሪል ይደሰታል። ደስታው ግን የራሱ ስለሆነ አልነፍገውም።

እዚህ ኮልፌ ደግሞ የባሕር በር ጥያቄ በይፋ ከተነሣበት ከጥቅምት 2016 ዓ.ም. ወዲህ ሻይ ቤቱ ሁሉ ስለ ባሕር ይከራከራል። ባሕር ኃይሉም ዳግም ተቋቁሟል። ስለ ወደብ ኪራይ፣ ስለ ስምምነት፣ ስለ ካርታ የማይናገር ወጣት የለም። አንድ ቀን ከመካከላቸው አንዱን «ቀይ ባሕር ውስጥ ምን ምን ዓሣ አለ?» ብዬ ጠየቅኩት። «ሻርክ» አለኝ። ሌላ አልመጣለትም። ክርክሩን ግን አላቋረጠም።

ያለንን ውኃ የያዝንበት መንገድም አያኮራም። ጫሞ ሐይቅ በናይል ፐርቹ የታወቀ ነበር። ይህ ዓሣ እጅግ ትልቅ ይሆናል፤ በዘንግና በሪል ተይዞ በዓለም የተመዘገበው ትልቁ እ.ኤ.አ. በ2000 ግብፅ ውስጥ ከናስር ሐይቅ የወጣው 104.3 ኪሎ የሚመዝነው ነው። ዛሬ ጫሞ ላይ ጠባብ ዓይን ያለው መረብ ሕፃኑንም ሽማግሌውንም አንድ ላይ እየጠረገ፣ ትልልቁ ዓሣ ብርቅ ሆኗል። እኛም ፊሌቶው ሳህን ላይ ሲቀርብ ዕድሜውን አንጠይቅም።

ባሕር መመኘት ነውር የለበትም፤ እኔም እመኛለሁ። ነገር ግን ባሕር በነበረን ጊዜ ባሕሩን ለጠባቂዎቹ ትተን፣ ጠባቂዎቹን ደግሞ ለመንገድ ተውናቸው። ምጽዋና አሰብ ያገለገሉ ባሕረኞች፣ መካኒኮችና ጠላቂ ዋናተኞች ዛሬም በየሰፈሩ አሉ፤ ዕድሜያቸው ግን እየገፋ ነው። በሰፈራችሁ እንዲህ ያለ አባት ካሉ ይህ ሳምንት ሳያልፍ ቡና ጋብዟቸውና ስለ ነፋሱ፣ ስለ ሞተሩ፣ ስለ ዓሣው ጠይቋቸው፤ የነገሯችሁንም ጻፉት። ወደብ በስምምነት ሊገኝ ይችላል፤ የእነዚህን ሰዎች ዕውቀት ግን ከቀበርነው በኋላ የሚያከራየን አገር የለም።