የለቀቅነው ዓሣ ወዴት ይሄዳል?

በአሜሪካ ፍሎሪዳ ዴስቲን የምትባል የባሕር ዳር ከተማ ብትደርሱ እንደ ስኳር የነጣ አሸዋና አረንጓዴ የሚመስል ባሕር ይቀበላችኋል። ጠዋት ጠዋት ጀልባዎች ቤተሰቦችን እየጫኑ ወደ ሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ይወጣሉ። ብዙዎች ለማጥመድ የሚጓጉት ከ50 ዓመት በላይ ሊኖር የሚችለውን ሬድ ስናፐር የተባለ ቀይ ዓሣ ነው።

ከ16 ኢንች ያነሰው፣ እንዲሁም ከተፈቀደው ቁጥር በላይ የተያዘው ወደ ባሕር ይመለሳል። ሰውም «ለቀቅነው፤ ተረፈ» ብሎ ደስ ይለዋል። ሁልጊዜ ግን አይተርፍም። ዓሣው በሆዱ ውስጥ የአየር ከረጢት አለው። ከ30 ሜትር ጥልቀት ሲሳብ የውኃው ጫና ስለሚቀንስ ያ አየር እስከ አራት እጥፍ ለመስፋት ይገፋል። ዓይኑ ይፈጣል፤ ጨጓራው በአፉ ይወጣል። እንዲህ ሆኖ ሲጣል መጥለቅ ስለሚያቅተው ይንሳፈፋል፤ ወፍ ወይም ዶልፊን ይበላዋል።

መፍትሔው ከባድ አይደለም። ጫፉ ወደ ውስጥ የታጠፈ ክብ መንጠቆ ሆድ ውስጥ ሳይሆን የመንጋጋውን ጥግ ይይዛል። ዓሣውን በእርጥብ እጅ ያዙት፤ ስንጥቡን አትንኩ፤ ከውኃ ውጭ አታቆዩት። በአፉ የወጣውን ጨጓራ ከቶ አትውጉ። ክብደት ባለው መሣሪያ መንጋጋውን ይዛችሁ ወደ ጥልቁ አውርዱት። ወደ ታች ሲወርድ አየሩ ይጨመቅለታል፤ መሣሪያው ሲለቀው ራሱ ይዋኛል። እ.ኤ.አ. በ2021 የጸደቀ ሕግ ከጃንዋሪ 2022 ጀምሮ በዚያ ባሕር የሪፍ ዓሣ የሚያጠምዱ ይህን መሣሪያ ወይም ትርፍ አየር የሚያስተነፍስ መርፌ አዘጋጅተው እንዲይዙ አስገድዶ ነበር።

በዘፍጥረት 9 እግዚአብሔር የባሕርን ዓሦች በሰው እጅ ሰጥቷል። የተሰጠንን መብላት በረከት ነው። የማንበላውን ግን ወደ ቦታው በደህና መመለስም የአደራው ክፍል ነው። ልጆቻችሁ በጀልባው ላይ ይህን ቢያዩ ብዙ ይማራሉ።

ባለትዳሮች ሆይ፣ ይህ ለቤታችንም ትምህርት አለው። ያጠፋውን የትዳር ጓደኛ «ይቅር ብዬሃለሁ» ብለን ከነኀፍረቱ ብቻውን ከተውነው፣ በውኃው ላይ እንደሚንሳፈፈው ዓሣ ይሆናል። በቤቱ የቀድሞ ቦታውን እስኪይዝ አብረነው እንውረድ። ማዕድ አብረን እንቅረብ፣ አብረን እንጸልይ፣ ምክሩንም እንደ ቀድሞው እንጠይቀው።

ጌታ ቤታችሁን ይባርክ።