ለሱሑር የተረፈው ሩዝ

እናቴ ምግብ ሲደፋ አትወድም፤ «ኢስራፍ ነው» ትላለች። ባለፈው ረመዳን ከኢፍጣር የተረፈውን ሩዝ በድስቱ እንዳለ ከድና አሳደረችው። ለሱሑር አሙቃ አቀረበችልን፤ እንፋሎቱ እስኪወጣ ሞቆ ነበር። ፈጅር ሰግደን ብዙም ሳንቆይ ታናሽ ወንድሜን ያስመልሰው ጀመር። ሙሉ ወር ልጾም ብሎ የተነሳው ገና በዚያ ዓመት ነበር። ጾሙን ሲያፈርስ አለቀሰ፤ እናቴም አብራው።

ጤና ጣቢያ ያየችን ነርስ ስለ ማሞቁ አልጠየቀችም፤ የጠየቀችው ሩዙ ስንት ሰዓት ውጭ እንደቆየ ነው። ሩዝ ላይ የሚገኝ አንድ ባክቴሪያ አለ፤ ዘሩ በመቀቀል አይሞትም። ምግቡ ለብ ብሎ ሲቆይ ይራባል፣ መርዝም ይተዋል። ያን መርዝ ደግሞ ዳግም ማሞቅ አያጠፋውም። እኔ እንኳ እሳት ሁሉን ያጠራል ባይ ነበርኩ።

አሁን ተራዊሕ ከመሄዳችን በፊት ሩዙ በሰፊ ትሪ ላይ ሳሳ ተደርጎ ይቀዘቅዛል፤ 2 ሰዓት ሳይሞላው ፍሪጅ ይገባል። ለሱሑር የሚበቃን ብቻ ወጥቶ ውስጡ ድረስ እስኪያቃጥል ይሞቃል፤ ወጡም እየተማሰለ ይንተከተካል። አንዴ የሞቀ ተመልሶ አይቀመጥም። መብራት በጠፋ ምሽት ግን የተረፈው በትኩሱ ለጎረቤት ይላካል። እናቴ ከሁሉም የወደደችው ይህን ነው።